ሳይረግፍ

የሳንጃ ገበሬ የሰሊጥን ጠባይ ያውቃል፦ ፍሬ መያዣው ሳይፈነዳ ይታጨዳል፣ በሂላ፣ ማለትም በነዶ ክምር፣ ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። የዘገየ ፍሬውን ለመሬት ይሰጣል።

ጾምም ወቅት አለው። የነነዌ ሦስት ቀናት ዐቢይ ጾምን ሁለት ሳምንት ቀድመው ያነቁናል። በ2007 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሕር ዳር-ደሴ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት በግእዝ ሥርዓት ይቀድሳል፤ በላቲን ሥርዓት ደግሞ ጾሙ ረቡዕ ቀን አመድ በመቀባት ይገባል። ቀኑ ቢለያይም ዝግጅቱ አንድ ነው፦ ንስሐ፣ ምጽዋት፣ ዕርቅ።

እናቶች ለጾሙ ሽሮ ሲያስፈጩ፣ እኛም ያኮረፍነውን ጎረቤት ደጅ እንጥና። ሰሊጡ ሳይረግፍ።