ሞተሩን ከመግዛት በፊት፦ ለአሮጌ ስፖርት መኪና ሌላ ሞተር ስለ መምረጥና ስለ ማቀድ
(በፋኩልቲው አዳራሽ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ)



ርእሴ ለአንድ አሮጌ ስፖርት መኪና ሌላ ሞተር መምረጥና ሥራውን ማቀድ ነው። ጉዳዩ ከቅንጦት የሚቆጠር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በከተማችን ጋራዦች ሞተር መቀየር የዘወትር ሥራ ስለሆነ፣ ዛሬ የማነሣቸው ጥያቄዎች ለሚኒባስም ለጭነት መኪናም ያገለግላሉ። የምናገረው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው።

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ስኖር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1990 ሥሪት የሆነች ማዝዳ ኤም ኤክስ ፋይቭ ገዛሁ። ሁለት ሰው የምታስቀምጥ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን ያልበለጠ፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ መኪና ናት። ባለ 1.6 ሊትር ሞተሯ በአሜሪካ ሥሪቱ 116 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከእኔ በፊት የያዛት ሰው ውኃ ጨርሳ እያለች ስለነዳት ቴስታታው ተጣሞ፣ ሞተሩ ለጥገና የማይመች ሆኖ አገኘሁት።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ወረቀትና እርሳስ መያዝ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ሞተር ገዛሁ። የመረጥኩትም የጄኔራል ሞተርስን ኤል ኤስ ዋን ነበር፤ በ1997 ከኮርቬት ጋር የወጣ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ 5.7 ሊትርና ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ 345 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር። በሌሎች እጅ ኤም ኤክስ ፋይቭ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ አይቼ ነበርና ልቤ ሸፈተ። ለእናቴ የአውሮፕላን ቲኬት ካስቀመጥኩት ገንዘብ አብዛኛውን በዚህ አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በሸራ ተሸፍኖ፣ መኪናዋም ኮፈኗ ተከፍቶ አሥራ አራት ወር ቆሙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነብኝ።

ምን ጎደለ? ስሌት ጎደለ። የመጀመሪያውን ስሌት ከእናንተ ጋር ልድገመው። የመኪናዋ ነባር ሞተር የማዞር ጉልበቱ ወደ 136 ኒውተን ሜትር ነው። አንደኛ ማርሽ በግምት በ3.14፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በ4.3 ያባዛዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚደርሰው ከ1,800 ኒውተን ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ኤል ኤስ ዋን ወደ 475 ኒውተን ሜትር ያወጣል። በዚያው ማርሽና በዚያው ዲፈረንሻል ብናባዛው 6,400 ይደርሳል፤ ይህም ሦስት እጥፍ ተኩል ነው። ጎማው ቀድሞ ካልተንሸራተተ፣ ይህን ጉልበት ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ የትራንስሚሽን ዘንጉና ዲፈረንሻሉ ይሸከሙታል። ከእነዚህ ደካማው ይሰበራል። እኔ አንድ ሞተር የገዛሁ መስሎኝ ነበር፤ በእርግጥ የገዛሁት ከሞተሩ እስከ ኋላ ጎማ ያለውን ሁሉ የመቀየር ግዴታ ነበር።

ስለዚህ ምርጫው ከኋላ ወደ ፊት መሄድ አለበት እላለሁ። መጀመሪያ መኪናዋ ለምን ሥራ እንደምትፈለግ ይወሰናል። ቀጥሎ ዲፈረንሻሉና ካምቢዮው ምን ያህል እንደሚችሉ ይታወቃል። ሞተሩ የሚመረጠው በመጨረሻ ነው።

ኤል ኤስ ዋንን በኪሳራ ሸጬ በዚህ መንገድ እንደገና ስጀምር ሁለት አማራጮች ቀረቡልኝ። አንደኛው የሆንዳ ባለ 2.4 ሊትር ኬ ሃያ አራት ነው። ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ ከማዝዳው የብረት ብሎክ የተሻለ ነው፤ ጉልበቱም ጥሩ ነው። ነገር ግን የተሠራው ወደ ጎን ተጋድሞ የፊት ጎማ እንዲነዳ ነው። ወደ ቁመት ሲዞር ከማዝዳው ካምቢዮ ጋር የሚያገናኘው ሳህን፣ ከመሪው ጋር የማይጋጭ የዘይት ኮፓ፣ አዲስ የጭስ ማውጫና የራሱን ኮምፒውተር ከነሽቦው ይፈልጋል።

ሁለተኛው ማዝዳ ራሱ ከ1994 ሥሪት ጀምሮ በዚያችው መኪና ላይ የገጠመው ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ነው። 128 የፈረስ ጉልበት ብቻ አለው። ሆኖም በነባሩ ማሰሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከነባሩ ካምቢዮ ጋርም ይገጥማል። ፍሪሲዮኑንና ቮላኖውን ከራሱ ይዞ ይመጣል። ከእርሱ ጋር የወጣው ጠንካራ ዲፈረንሻል ከነዘንጎቹ ሊገባ ይችላል። ነገ ቱርቦ ቢጨመር እንኳ መሠረቱ ተጥሏል። እኔ ይህን መረጥሁ።

ከምርጫው በኋላ ዕቅዱ በጽሑፍ ይሰፍራል። ከዕቃዎቹ ሦስቱን ሰው በብዛት ይረሳቸዋል። አንደኛው ማቀዝቀዣ ነው። በግርድፍ ስሌት ሞተር ለሥራ የሚያውለውን ያህል ሙቀት ለውኃው ያስረክባል፤ ጉልበት ሲጨምር ራዲያተሩም ማደግ አለበት። ሁለተኛው ፍሬን ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛው ሕግ ነው። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የሚገባው ሞተር ከመኪናው ሥሪት ዓመት ያረጀ መሆን የለበትም፤ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቹንም ሁሉ ይዞ መግባት አለበት። በእኛም አገር የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሰፈረ ነውና ወረቀቱ ከቁልፉ በፊት ይታሰብ።

ለአዲስ አበባ አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይወርዳል። የባሕር ወለል ቁጥር ይዞ እዚህ ማቀድ ትክክል አይሆንም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ባለ 1.8 ሊትሩን ሞተር ከአንድ ወዳጄ ጋር በሦስት ቅዳሜና እሑድ አስገባነው። መኪናዋ በጭማሪ ያገኘችው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ግን ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ በመታጠፊያም እንደ ቀድሞዋ ቀላል ናት። እናቴ ከአንድ ዓመት ዘግይታ መጣችና ከጎኔ ተቀምጣ ሄድን። ምን ያህል የፈረስ ጉልበት እንዳላት አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ በደኅና ታደርሰን እንደሆነ ነበር። አንድ መሐንዲስ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ይመስለኛል።