ቀጋና ጽጌረዳ፤ ለአጥራችን የትኛው ይሻላል?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የአትክልት ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



 የምንናገረው ስለ አጥር ነው። ሁላችሁም እንደምታውቁት ለበዓሉ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ በስተ ምሥራቅ በኩል ያለው 60 ሜትር አጥር እንዲታደስ ታስቧል። ከፊሉ ሰው «ያ እሾኻም ቀጋ ከነሥሩ ተነቅሎ በምትኩ ከዳር እስከ ዳር ጽጌረዳ ይተከል» ይላል። እኛም ሁለቱን ተክሎች አስተያይተን አሳባችንን እንድናቀርብ ታዘዝን። እንግዲህ አሳባችንን ሳንደብቅ ከአሁኑ እንናገር፤ ቀጋው አይነቀል እንላለን። ይህንም የምንለው ጽጌረዳን ጠልተን አይደለም።

በመጀመሪያ ሁለቱ ባዕዳን አለመሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጋ ራሱ የዱር ጽጌረዳ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት «ሮዛ አቢሲኒካ» ይሉታል፤ «የሐበሻ ጽጌረዳ» እንደ ማለት ነው። በዚህ ስም የታወቀው ጆን ሊንድሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1820 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ጽጌረዳዎች በተፈጥሮአቸው የሰሜኑ የምድር ክፍል ተክሎች ናቸው፤ ከሰሐራ በረሓ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪቃ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው የጽጌረዳ ዓይነት ይኸው የእኛ ደጋ ቀጋ ብቻ ነው። ባሕር ተሻግሮም በየመን ተራሮች ይገኛል። ኮሶም፣ እንጆሪም፣ ኮክም ከዚሁ ከጽጌረዳ ቤተ ሰብ እንደሚቆጠሩ ስንሰማ ብዙዎቻችን ተደንቀን ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ግን ዝምድናውን በቶሎ የሚያምን አይመስለንም።

የጓሮዋ ጽጌረዳ ደግሞ የብዙ አገር ልጅ ናት። የጥንቶቹ የአውሮፓ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያብቡ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ደጋግመው የሚያብቡት የቻይና ጽጌረዳዎች ወደ አውሮፓ ሄዱና ከእነርሱ ጋር ተዳቀሉ። በ1867 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ አገር የወጣችው «ላ ፍራንስ» የተባለች ጽጌረዳ፣ ረዥም አገዳና ትልቅ አበባ ላላቸው ለዛሬዎቹ ጽጌረዳዎች እንደ መጀመሪያ ትቆጠራለች። ስለዚህ ጽጌረዳ የሰው እጅ ሥራ ናት፤ የሰው እጅ ከተለያት መጎሳቆልዋ የማይቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ አበባው እንምጣ። በውበት ብቻ ከተመዘኑ ክርክር የለም። ጽጌረዳ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ እየሆነች፣ ቅጠሏን በቅጠል ላይ ደራርባ፣ በብርጭቆ ውስጥ ብትቀመጥ ቤቱን ታስጌጣለች። ቀጋ ያለው ነጭ አበባ ብቻ ነው፤ የአበባው ቅጠል አምስት ነው፤ ቀጥፈው ወደ ቤት ቢያስገቡት ወዲያው ይረግፋል። ሽታው ግን ደስ ያሰኛል። ከጽጌረዳዎች መካከል በመልክ ለመታየትና በብርጭቆ ውስጥ ለመሰንበት ሲባል የተዳቀሉት ብዙዎቹ ሽታቸውን አጥተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ዓይን የማያየው አለ። በቀጋ አበባ መካከል ያሉት ቢጫ ጭራዎች የአበባ ዱቄት ይይዛሉ። በጽጌረዳ ላይ የምናደንቀው የተደራረበው ቅጠል አብዛኛው እነዚህ ጭራዎች ወደ ቅጠልነት ተለውጠው የተገኘ ነው። ንብ ወደ ጽጌረዳ ወገን የምትመጣው ከሁሉ ይልቅ ስለ ዱቄቱ ስለ ሆነ፣ ቅጠሏ እጅግ በተደራረበው ጽጌረዳ ላይ የምታገኘው ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም መግቢያውን ታጣዋለች። የንብ ቀፎ ያላችሁ የሰፈራችን ወላጆች ይህን ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ውሃው እንደርሳለን። 60 ሜትር አጥር ላይ በየግማሽ ሜትሩ አንድ ጽጌረዳ ቢተከል 120 እግር ይሆናል። አንድ እግር ጽጌረዳ በበጋ ወራት ደኅና ሆና እንድታብብ በሳምንት 20 ሊትር ያህል ውሃ፣ ይኸውም በሁለት ቀን ተከፍሎ፣ ብንሰጣት ብዙ አይባልም። ለ120 እግር 2,400 ሊትር፣ ማለት በየሳምንቱ 120 ጀሪካን ይሆናል። ቧንቧው በሚቋረጥበት ጊዜ ይህን ሁሉ የሚሸከም ማን ነው? የምንሸከመው እኛው ነን፤ ይልቁንም ታናናሾቻችን ናቸው። በቀጋው አጥር ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ያፈሰሰ ሰው እስከ ዛሬ አላየንም፤ እርሱ ግን በየዓመቱ አብቧል።

«ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያጠጣታል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ክረምት የጽጌረዳ የበሽታ ጊዜ ነው። ዝናብ ሲደጋገም በቅጠሏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ የታመመው ቅጠል ቶሎ ተለቅሞ ካልተቃጠለ በሽታው ወደ ሌላው ይተላለፋል። አረሙም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። እኛ ደግሞ በክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ስለ ሚሆን የለንም። በበጋም ቀኑ ደርቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይይዛታል፤ ለጋው ጫፏ ላይም ክሽክሽ ይሰፍርበታል።

አንዳንድ ወላጆች ከሆለታና ከሰበታ የሚመጡትን ጽጌረዳዎች አይተው «ታዲያ እነርሱ እንዴት አማረባቸው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ የተስፋፉት የአበባ እርሻዎች አገራችንን በአበባ ንግድ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪቃ ሁለተኛ አድርገዋታል። እነዚያ ጽጌረዳዎች ግን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ተጠልለው፣ ውሃና ማዳበሪያ በቱቦ ጠብ ጠብ እያለላቸው፣ መድኃኒት እየተረጨላቸው የሚያድጉ ናቸው። የእኛ አጥር ነፋስና ፍየል የሚያገኘው የሜዳ አጥር ነው።

ጽጌረዳ ላላችሁ ወላጆች አንድ ምክር በመካከል እናስገባ። ከችግኝ ጣቢያ የሚገዙት ብዙዎቹ ጽጌረዳዎች በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተሰኩ ናቸው። ከተሰካው ቦታ በታች ከሥሩ ቀጭን ቡቃያ ቢወጣ ቶሎ ገንጥሎ መጣል ይገባል። ዝም ቢሉት የላይኛዋን ምግብ እየወሰደ ያደርቃትና ራሱ ያብባል። «ቀይ ጽጌረዳዬ ነጭ ሆነችብኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ስለ ፍሬው ሳንናገር አናልፍም። ጽጌረዳ ዳግመኛ እንድታብብ የጠወለገ አበባዋ ሁሉ ስለ ሚቆረጥ ፍሬ አታፈራም። የቀጋ ፍሬ ግን ሲበስል ወደ ብርቱካን ቀለምና ወደ ቀይ ይለወጣል፤ እረኞችና ልጆች የሚበሉት ነው። በውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮን ስለ ሚያሳክክ ከፍሎ፣ ፍሬውንና ፀጉሩን ፍቆ፣ ሥጋውን ብቻ መብላት ነው። የጽጌረዳ ወገን ፍሬ በቪታሚን ሲ የበለጸገ ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን ወደ እንግሊዝ አገር መግባት ባዳገተው ጊዜ፣ ከ1941 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዚያ አገር ልጆች የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ከየአጥሩ እየለቀሙ ለሕፃናት ሽሮፕ ይሠራበት ነበር። እኛ ከዚያው ወገን የሆነውን ነው ለመንቀል የምንመክረው!

ቀጋ ነውር የለበትም አንልም። እሾኹ ወደ ኋላ የቀለበሰ ስለ ሆነ የያዘውን ልብስ አይለቅም፤ የስንት ተማሪ ሹራብ እንደ ቀደደ እናውቃለን። ካልተከረከመ ይንሰራፋና መንገድ ይዘጋል። ኳስ ከገባበት ወይ ኳሱ ይቀደዳል ወይ አውጪው ይቧጨራል። ነገር ግን ፍየልና ሌባ የሚያግደውም ይኸው እሾኽ ነው። ጽጌረዳ ለአጥርነት ብትቆም ጎረምሳ ሁሉ እየቀጠፈ ሲሄድባት፣ በዓመቱ ሽቦ አጥር ደግሞ መግዛታችን አይቀርም።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ቀጋው በቦታው ይቆይ፤ በኳስ ሜዳው በኩል ብቻ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ተከርክሞ ይስተካከል፤ የሳሳበትም ቦታ ይሞላ። ጽጌረዳ ደግሞ በዋናው በር ግራና ቀኝ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ 12 እግር ብቻ ትተከል። 12 ጀሪካን ውሃ በሳምንት የክበባችን አባሎች እንችላለን። በክረምትም በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የምንኖር አባሎች ተራ ገብተን የታመመውን ቅጠል እንለቅማለን፤ የስምም ዝርዝር ለርእሰ መምህራችን አቅርበናል።

ጥሩ ሽታ ያላት ጽጌረዳ በደጃችሁ ያለቻችሁ ወላጆች ሰኔ ሲገባ የእርሳስ ውፍረት፣ የአንድ ስንዝር ርዝመት ያለው፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለበት ቁራጭ ብትልኩልን በምስጋና እንቀበላለን። ከታችኛው ዓይን ሥር ትቆረጥ፤ እንዳትደርቅም በእርጥብ ጨርቅ ትጠቅለል፤ ወደ ታችና ወደ ላይ ያለው ጫፍ እንዳይሳሳትብን በላይኛው ጫፍ ላይ ክር እሰሩበት። ለቀጋው መከርከሚያ ደግሞ ገጀራና ወፍራም ጓንት ያስፈልገናል፤ ክበቡ ያለው አንድ ጥንድ ጓንት ብቻ ነው።