ከሣጥናችን የሚወጣው የማን ዕዳ ነው?

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱን ቀደም ብላችሁ ሰምታችኋል። እኔ የምናገረው እዚያ ውስጥ ስላለች አንዲት መስመር ነው፤ «የድንገተኛ ችግር እርዳታ» ስለምትለው። ባለፈው ዓመት በዚህች መስመር የቤት ኪራይ ከተከፈለላቸው እህቶቻችን ሦስቱ በሆም ኬር የሚሠሩ ናቸው። ሦስቱም የተጎዱት ሰው ሲያነሱ ነው፤ ሁለቱ ወገባቸውን፣ አንዷ ትከሻዋን። ሦስቱም የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ አላገኙም። «አንቺ ኮንትራክተር ነሽ፤ ኢንሹራንሱ አይመለከትሽም» ስለተባሉ ማመልከቻ እንኳ አላስገቡም። የዓመቱ መጨረሻ ወረቀታቸውም ደብልዩ-2 ሳይሆን 1099 ነው።

በሒሳብ ዓይን ስናየው ነገሩ ግልጽ ነው። አሠሪው በኢንሹራንሱ መሸፈን የነበረበትን የከፈልነው እኛ ነን። እናንተ ረጂዎቻችን የሰጣችሁት ገንዘብ ለተቸገረች ሴት ደርሷል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አንድ ኤጀንሲ ያላወጣውን ወጪም ሸፍኗል።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። በዚህ አገር የሥራ ደኅንነትን የሚያጠናው ናዮሽ የሚባል የመንግሥት ተቋም አለ። ታማሚን በእጅ ለማንሳት ከሱ የወጣው የመጨረሻ ልክ 35 ፓውንድ፣ ማለትም 16 ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱም ሁኔታው ሁሉ ሲመች። እናንተ የምታነሱት ሽማግሌ ግን 180 ፓውንድ ይመዝናል። ከ80 ኪሎ በላይ ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ብቻሽን ከመሬት አንሺ ብትባሉ ትስቃላችሁ፤ ጤፍ ደግሞ አይደነግጥም፣ አንገት አይዝም፣ መሐል መንገድ ላይ ጉልበቱ አይከዳውም። አገር ቤት አልጋ የያዘ ሰው ሲገላበጥ ወይም ሲነሳ ጎረቤት ይጠራል። እዚህ ማንን ትጠራላችሁ?

መጠራት ያለበት ኤጀንሲው ነው። ኬር ፕላኑ ላይ «በሁለት ሰው የሚነሳ» ተብሎ ከተጻፈ ሁለት ሰው ወይም ማንሻ መሣሪያ፣ ያ ሆየር ሊፍት የምትሉት፣ መኖር አለበት። በተግባር ግን የሚከፈለው ለአንድ ሰው ስለሆነ አንድ ሰው ይላካል። ማንሻው ቤቱ ውስጥ ቢኖርም አጠቃቀሙን ማንም ስላላሳየ ልብስ ይሰቀልበታል። ይህን ከአንድ በላይ አባል ነግራኛለች።

የሥልጠናውም ነገር እንዲሁ ነው። ሜዲኬር የሚከፍላቸው ኤጀንሲዎች የሚያሰማሯት ሆም ኸልዝ ኤይድ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና እንድትወስድ የፌዴራል ደንብ ያዛል፤ ከዚህ ውስጥ 16ቱ በተግባር የሚሠራ ነው። የነርስ ሕክምና የሚሰጠው ታማሚ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በየ14 ቀኑ ባለሙያ እየመጣ የኤይዷን ሥራ ይቆጣጠራል። ፐርሰናል ኬር በሚባለው፣ ማለትም በማጠብ፣ በማልበስና በመመገብ ሥራ ላይ ግን የሥልጠናውን ሰዓት የሚወስን የፌዴራል ደንብ የለም። ለየስቴቱ ተትቷል። የዋሽንግተን ስቴት ሕዝብ በ2011 ድምፅ ሰጥቶ 75 ሰዓት አድርጎታል። ሌላ ቦታ የአንድ ቀን ኦሪየንቴሽን ወስዳ በማግስቱ ለብቻዋ የምትሰማራ አለች። ሰውነቱና ክብደቱ ያው ነው፤ የሚለየው ሒሳቡን የሚከፍለው አካል ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ ወደ 1099። ለምሳሌ ያህል በሰዓት 18 ዶላር እየተከፈላት በሳምንት 55 ሰዓት የምትሠራ ሴት እንውሰድ። በ1099 ከሆነ 990 ዶላር ታገኛለች። በደብልዩ-2 ከሆነ ከ40 ሰዓት በላይ ያሉት 15 ሰዓቶች በአንድ ተኩል ይታሰባሉ፤ በድምሩ 1,125 ዶላር ይሆናል። የሳምንቱ ልዩነት 135 ዶላር ነው። በዚያ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ አለ። ደብልዩ-2 ያላት ከደመወዟ 7.65 በመቶ ትከፍላለች፣ ሌላውን 7.65 አሠሪዋ ይከፍላል። የ1099ዋ ሴት የሁለቱንም ድርሻ ራሷ ትሸከማለች፤ 15.3 በመቶ። በሚያዝያ ወር ከፊቴ ተቀምጠው የሚያለቅሱት ከዚህ የተነሳ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሌላ ሺፍት ይጨመራል። ሌሊት ያልተኛች ሴት በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌውን ከመታጠቢያ ገንዳ ስታወጣ አብረው ይወድቃሉ። የክፍያው ጉዳይ የታማሚውም ደኅንነት ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ብዙዎቻችሁ «ፈርሜያለሁ እኮ» ትላላችሁ። መፈረም ኮንትራክተር አያደርግም። የሚታየው የሥራው እውነታ ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው ማን ነው፣ ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው፣ ታማሚውን የሚመድበው ማን ነው የሚለው። ይህን ሁሉ ኤጀንሲው ከወሰነ የኤጀንሲው ሠራተኛ ናችሁ። አይአርኤስም ኤስኤስ-8 የሚባል ቅጽ አለው፤ ያለ ክፍያ አይቶ ይወስናል።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ፤ ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንዶቹ ኤጀንሲዎች የራሳችን ሰዎች ናቸው። በክርስትና፣ በሠርግ፣ በለቅሶ እንገናኛለን። መጀመሪያ ስንመጣ ሥራ የሰጡን እነሱ ናቸው። ይሉኝታው ይገባኛል። «ውለታ አለብኝ» የምትለውን ሴት አልፈርድባትም። ሆኖም ውለታን በወገብ መክፈል ትክክል አይመስለኝም። ደግሞም ሕጉን አክብረው የሚሠሩ የእኛው ሰዎች አሉ፤ በርካሽ ዋጋ ሥራቸውን እያጡ ያሉት እነሱ ናቸው።

ሕጉ ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር እንዳልነበረም እወቁ። ኮንግረስ በ1974 የቤት ሠራተኞችን በዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ውስጥ ሲያስገባ ሽማግሌ የሚያጫውቱትን ለይቶ ውጭ አስቀራቸው። በዚያ ቀዳዳ ሆም ኬር ሁሉ ገባ። ቀዳዳው በኤጀንሲ በኩል ለሚሠሩት የተዘጋው በ2015 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ነው። በጁላይ 2025 የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ያንን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ የስቴታችሁን ሕግ ማወቅ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል።

ቦርዱ እንዲወስን የምጠይቀው ይህን ነው። ከእንግዲህ ሥራ ላይ ተጎድታ ወደ እኛ የምትመጣ እህት ኪራይዋን እንከፍልላት፤ ግን በዚያው ቀን የካሳ ማመልከቻዋን አብረን እንሙላ። 1099 የተሰጣት ብትሆንም ማመልከት ትችላለች፤ ሠራተኛ ናት አይደለችም የሚለውን የሚወስነው ኤጀንሲው አይደለም። በሜሪላንድ ጉዳቱን በ10 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ማሳወቅ ይገባል። በጽሑፍ ይሁን፤ የስልክ መልእክትም ይበቃል፣ ብቻ አትደምስሱት። ለረጂዎቻችን ደግሞ፤ ከእርዳታው ጥቂቱን በማንሻ መሣሪያ አጠቃቀም ላይ ነርስ አምጥተን ለምናሠለጥንበት ቅዳሜ ፍቀዱልን። ከአንድ ወር ኪራይ ያነሰ ወጪ ነው።

እናንተ ደግሞ የራሳችሁ ደብተር ይኑራችሁ። ስልካችሁ ላይ ስትገቡና ስትወጡ የምትጫኑት መተግበሪያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ሰዓት ይመዘግባል። ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው የነዳችሁበትን ግን በደብተራችሁ ጻፉት፤ በዚያው ቀን ለአንድ ኤጀንሲ ከሆነ እሱም የሥራ ሰዓት ነው። ሌሊት ስንቴ እንደተነሳችሁም ጻፉ። በ24 ሰዓት ሺፍት ላይ ኤጀንሲው የእንቅልፍ ሰዓት መቀነስ የሚችለው ከተስማማችሁና በእርግጥ ከተኛችሁ ነው፤ አምስት ሰዓት እንኳ ካልተኛችሁ ሌሊቱ በሙሉ ይታሰባል።

እኔ እንደወትሮው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ አዳራሽ እገኛለሁ። ደብተራችሁን፣ የክፍያ ወረቀታችሁንና የፈረማችሁትን ውል ይዛችሁ ኑ። የታማሚ ስም ያለበት ወረቀት ግን አታምጡ፤ ኬር ፕላኑ ስንት ሰው እንደሚል በቃል ብትነግሩኝ ይበቃኛል።