ንድፍን ማሳደግ፦ ከኦሞ ታንኳ የምንማረው የልኬት ትምህርት



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ለአንድ ቀዛፊ የተነደፈ የካያክ ንድፍ እጃችን ቢገባ፣ ሁለት ሰው እንዲሸከም በምን ያህል እናሳድገው? ብዙዎቻችሁ «በእጥፍ» ትሉ ይሆናል። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ጥልቀቱን በ2 ብናባዛ ግን የመሸከም አቅሙ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ይዘት በኩብ ያድጋልና። አቅሙን እጥፍ ለማድረግ እያንዳንዱን ልኬት በ26 በመቶ ማሳደግ ይበቃል።

ሁሉንም ልኬት እኩል ማሳደግ ግን ሁልጊዜ አይቻልም። ወደ ኦሞራቴ ብትወርዱ የዳሰነች ሰዎች የኦሞን ወንዝ ሲሻገሩባት የኖሩት ታንኳ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች መሆኗን ታያላችሁ። ጠራቢው ረዥም ግንድ መርጦ ርዝመቷን ሊጨምር ይችላል፤ በመፈልፈል ብቻ ግን ወርዷን ከግንዱ ውፍረት ሊያሳልፍ አይችልም። ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። የውኃው ወለል ላይ ያለው ቅርጽ መገልበጥን የሚቋቋምበት ኃይል ከርዝመት ጋር በቀጥታ፣ ከወርድ ጋር ግን በኩብ ያድጋል። ርዝመትን በ10 በመቶ ብንጨምር ትርፉ 10 በመቶ ነው፤ ወርድን በዚያው መጠን ብንጨምር ግን 33 በመቶ ነው። በጠባብ ታንኳ የተሳፈረ ሰው ከወለሏ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ የሚነገረውም ለዚህ ነው፤ ወርድ የነፈገውን ሚዛን ክብደትን ዝቅ በማድረግ ያካክሳል። የጣና ታንኳ ሠሪ በአንጻሩ የደንገል እስር እየጨመረ ወርዱንም ማስፋት ይችላል።

ከንድፉ ጋር የማያድጉ ነገሮችም አሉ። የሰው ቁመትና የክንዱ ርዝመት አይለወጡም፤ ኮምፔርሳቶም ገበያው ባለው ውፍረት እንጂ በፈለግነው መጠን አይገኝም። እኔ ራሴ በመጀመሪያ ሥራዬ መቀመጫውን ከቀረው ጋር አብሬ አሳደግሁት። መቀመጫው ከፍ ሲል የሰውነቴ ክብደትም ከፍ አለ፤ ከዳር ሳልርቅ ተገለበጥሁ። ስሌቴ ትክክል ነበር፤ ስሕተቴ ሰውን እንደ እንጨት መቍጠሬ ነው።

ስለዚህ እንጨት ከመቍረጣችሁ በፊት የጀልባውን 1/10 የሚሆን አምሳያ ሥሩ። ይዘት በኩብ ስለሚያንስ 150 ኪሎ ጭነትን በአምሳያው ላይ 150 ግራም ይወክለዋል፤ የጀልባው የራሱ ክብደትም በዚሁ ስሌት መታሰብ አለበት። ክብደቱን የሰው ወገብ በሚሆንበት ከፍታ አስቀምጡት፤ በገበቴ ውኃ ላይ አንሳፉት፤ ወደ ጎን አጋድሉትና ይመለስ እንደሆነ ተመልከቱ። የሚገለበጥ ጀልባ በገበቴ ውስጥ ቢገለበጥ ይሻላል።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ የዳሰነችን መንደሮች ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በውኃ የተከበቡትም በጀልባና በሄሊኮፕተር ነበር የሚወጡት። በእንዲህ ያለ ቀን «ስንት ሰው ይጫን?» የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው። መልሱ በሥጋት ሰዓት የሚገመት ሳይሆን፣ አስቀድሞ ተሰልቶ በጀልባው ጎን ላይ የተጻፈ ሊሆን ይገባል።

ግንድ ጠራቢው ይህን ሕግ በቀመር አልጻፈውም፤ በእጁና በወገቡ ግን ያውቀዋል። የእኛ ድርሻ ቀመሩን ይዘን ወደ እርሱ ሄደን መጠየቅ ነው።