የቀበሌ ቤት ማን ይጠግነው?

ጎንደር ላይ ክረምት ሲቃረብ፣ ከአራዳ እስከ አዲስ ዓለም፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ቀና ብሎ የሚያየው ጣሪያውን ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ንፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ ተጭኖበታል። የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ ርሷል፤ ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ይታያል።

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጡት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህ መካድ የለበትም።

ችግሩም የተጸነሰው እዚያው ነው። ጥቂት ብር የሚሰበስብ ቀበሌ የእድሳት ወጪ ከየት ያምጣ? ነዋሪውስ ነገ ለልማት ይፈርሳል በሚባል፣ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ እንዴት ገንዘቡን ያፍስስ? ቢደፍር እንኳ መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ለንጽጽር ያህል፣ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ብዙዎቹ ሪፐብሊኮች የመንግሥት ቤቶችን ለነዋሪዎቻቸው አስተላለፉ። እኛ ጋ ደርግ ወደቀ፣ ቤቱ ግን የቀበሌ እንደሆነ ቀረ። የባለቤትነቱ ጉዳይ እስኪወሰን፣ በእኔ እምነት፣ ቢያንስ የእድሳት ፈቃድ ሰኔ ሳይገባ ለነዋሪው ሊደርሰው ይገባል።