ጨው የማይለኩ መለኪያዎች፦ በቤት ውስጥ የኮራል አኳሪየም ጨዋማነትን በትክክል ስለ መለካት



የዛሬውን ርእስ ስመርጥ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን አልደብቅም። በሳሎን ጥግ ስለ ተቀመጠ የመስታወት ገንዳ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ፊት መናገር የጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት መሣሪያዎች ተስማምተው ሊያሳስቱን እንደሚችሉ ያስተማረኝ ቤተ ሙከራ ሳይሆን ያ ገንዳ ነውና፣ ከእርሱ ልጀምር።

በጀርመን አገር በቆየሁባቸው ዓመታት ሁለት መቶ ሊትር ገደማ ውሃ የሚይዝ የኮራል አኳሪየም ነበረኝ። ጨዋማነቱን የምከታተለው በሁለት መሣሪያዎች ነበር፤ አንደኛው ጠቋሚ ክንድ ያለው የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር፣ ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ሪፍራክቶሜትር። ሪፍራክቶሜትሩን በየሳምንቱ በዲስቲልድ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክለዋለሁ፤ ከዚያ የገንዳውን ውሃ ጠብ አድርጌበት ወደ ብርሃን ስመለከት 35 ይላል፤ ይኸውም በኪሎ ግራም ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው። ሃይድሮሜትሩም ያንኑ ይመሰክራል። ለወራት አንድም ቀን አልተለያዩም።

የካልሲየም ምርመራዬ ግን ዘወትር 390 ሚሊ ግራም አካባቢ ይገኝ ነበር። ጨዋማነቱ 35 በሆነ የባሕር ውሃ ውስጥ በኪሎ ግራም 412 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ሊኖር እንደሚገባ አውቃለሁ። ስለዚህ ጎደለ ብዬ ካልሲየም ጨመርሁ፤ አልካሊኒቲውም ዝቅ ያለ መስሎኝ እርሱንም ከፍ አደረግሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማሞቂያውና ፓምፑ ነጭ ቅርፊት ለበሱ፤ የአክሮፖራ ኮራሎቼም ከቅርንጫፎቻቸው ጫፍ ጀምረው ይነጡ ያዙ። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ጨዋማነቱ 35 መሆኑ የተረጋገጠ የማመሳከሪያ ውሃ ሰጠኝ። በሪፍራክቶሜትሬ ብለካው 37 አለ። እንግዲህ እኔ 35 የምለው የገንዳዬ ውሃ በእውነቱ 33 ነበር ማለት ነው። በ33 ጨዋማነት ደግሞ የሚጠበቀው ካልሲየም 388 ነው። ምንም አልጎደለም ነበር። በ33 ብዙ ኮራሎች ይኖራሉ፤ የእኔዎቹን የጎዳቸው ጉድለቱ ሳይሆን እርማቴ ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱም ጨውን የማይለካ በመሆኑ ላይ ነው። አንዱ የሚለካው እፍግታን፣ ሌላው የብርሃንን ስብረት ነው። ጨዋማነት ከዚያ የሚገመት ቁጥር ነው።

«ታዲያ ውሃውን አትንነን የቀረውን ጨው ለምን አንመዝነውም?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው መልካም ነው፤ የጥንቶቹ ኬሚስቶችም ሞክረውታል። ችግሩ የማግኒዥየም ክሎራይድ ውሃውን አጥብቆ መያዙ ነው፤ ውሃውን ለማስለቀቅ እሳቱ ሲበረታ ደግሞ ከክሎራይዱ ከፊሉ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሆኖ ይበንናል፤ ከባይካርቦኔቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመልጣል። ሚዛኑ ላይ የሚቀረው በውሃው ውስጥ የነበረው አይደለም። ለአኳሪየም የሚሸጠውን የጨው ዱቄት መዝኖ መበጥበጥም ለግምት እንጂ ለልኬት አይበቃም፤ ዱቄቱ ከአየር እርጥበት ይስባልና።

መንገዱን የከፈተው ዊልያም ዲትማር ነው። የቻሌንጀር መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞራ ካመጣቻቸው ናሙናዎች 77ቱን መርምሮ በ1884 ባሳተመው ጥናት፣ የባሕር ውሃ ጨው ቢበዛም ቢያንስም የዋና ዋናዎቹ አዮኖች እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ እምብዛም እንደማይለወጥ አረጋገጠ። ይህ ከሆነ አንዱን ባሕርይ በትክክል የለካ ሌላውን ሁሉ ያውቃል። በ1902 በማርቲን ክኑድሰንና በባልደረቦቹ ሥራ ጨዋማነት ከክሎሪን መጠን ተሰላ። በ1978 የወጣው ተግባራዊ የጨዋማነት ሚዛን ደግሞ ነገሩን ወደ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት አዞረው፦ በአንድ ኪሎ ግራም ሙሙት ውስጥ 32.4356 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ያለበት ውሃ፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከእርሱ ጋር እኩል የሚያስተላልፍ የባሕር ውሃ ጨዋማነቱ 35 ይባላል። ልብ በሉ፤ በዓለም ትልቁ ሚዛን እንኳ የቆመው በማመሳከሪያ ውሃ ላይ ነው።

ወደ ሪፍራክቶሜትሩ ልመለስ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የንጹሕ ውሃ የስብረት ጠቋሚ 1.3330 ነው፤ የ35 ባሕር ውሃ 1.3394። ከዜሮ እስከ 35 ያለው ልዩነት በሙሉ 0.0064 ብቻ ስለሆነ ጥቂት ስሕተት ብዙ ያናጋል። ከዚህ የሚብሰው ግን በገበያ ያሉት ብዙዎቹ ሪፍራክቶሜትሮች ለባሕር ውሃ ሳይሆን ለሶዲየም ክሎራይድ የተሠሩ መሆናቸው ነው። በእነዚህ ላይ የ35 ባሕር ውሃ 36.5 ያህል ሆኖ ይነበባል። ዜሮው ትክክል ነው፤ የሚያዘነብለው መሥመሩ ነው። እኔ በየሳምንቱ በዲስቲልድ ውሃ አስተካክል የነበረው ያልተበላሸውን ጫፍ ነበር! መሣሪያ የሚመሳከረው በሚሠራበት ነጥብ አጠገብ ነው።

የሃይድሮሜትሩ ስሕተት ሌላ ነበር። በክንዱ ላይ የተጣበቁ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ክንዱን ወደ ላይ ያነሡታል፤ ንባቡ ከእውነቱ ይበልጣል። አንዱ በሥሪቱ፣ ሌላው በአረፋ፣ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን አዘነበሉ፤ እኔም መስማማታቸውን እንደ ምስክርነት ቆጠርሁት። የመስታወት ሃይድሮሜትር ከዚህ እጅግ ይሻላል፤ ዳሩ ግን በየትኛው ሙቀት እንደ ተለካ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። በ15 ዲግሪ የተስተካከለውን በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ያለ እርማት ያነበበ ሰው ከሦስት በላይ ዝቅ ያለ ጨዋማነት ያገኛል። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያም ቢሆን፣ የ35 ውሃ በ25 ዲግሪ 53 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ሲያሳይ፣ በአንድ ዲግሪ ለውጥ ሁለት በመቶ ያህል ይንቀሳቀሳል።

የማመሳከሪያ ውሃ የሚገዛበት ላጣ ሰው መላ አለ፦ 3.65 ግራም ንጹሕና ደረቅ ሶዲየም ክሎራይድ በ96.35 ግራም ዲስቲልድ ውሃ ሲሟሟ፣ የስብረት ጠቋሚው ከ35 ባሕር ውሃ ጋር ይተካከላል። ለሪፍራክቶሜትር ብቻ ነው፤ ለሃይድሮሜትርም ለኤሌክትሪክ መለኪያም ልኩ ሌላ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ፣ ከአሳሌ የሚቆረጠው አሞሌም ከቀይ ባሕር ውሃ የመጣ ነውና ለኮራል ገንዳ አይሆንም ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይሆንም። የባሕር ውሃ ሲተን በመጀመሪያ ካርቦኔቱ፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ ከዚያ በኋላ የምንበላው ጨው ይረጋል፤ ማግኒዥየሙ በቀረው ውሃ ውስጥ ይዘገያል። አሞሌ የዲትማርን ምጣኔ ያጣ ጨው ነው። ከአሞሌ የተበጠበጠ ውሃ በሪፍራክቶሜትር ያለ ነቀፋ 35 ሊነበብ ይችላል፤ ኮራሉ ግን አጽሙን የሚሠራበት ካልሲየም አያገኝም። መሣሪያው ምን እየለካ እንዳይደለ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

35 የተቀደሰ ቁጥር እንዳይመስላችሁ፤ በሰሜናዊው ቀይ ባሕር ኮራሎች በ40 ገደማ ይኖራሉ። አደጋው ያለው በድንገተኛ ለውጥ ላይ ነው። ከገንዳዬ በቀን አራት ሊትር ያህል ይተን ነበር፤ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለምና፣ በንጹሕ ውሃ ካልተተካ በሦስት ቀን 35 የነበረው ከ37 ያልፋል።

ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ ካልሲየም መጨመሬን አቆምሁ። ከሚተነው አራት ሊትር ሦስቱን በንጹሕ ውሃ፣ አንዱን ብቻ በ35 የጨው ውሃ እየተካሁ ገንዳውን በአሥራ ሁለት ቀን ገደማ ከ33 ወደ 35 አደረስሁት። ከአክሮፖራዎቹ ሁለቱ አልተረፉም፤ የቀሩት ከወራት በኋላ አዲስ ጫፍ አወጡ። ሪፍራክቶሜትሩን አልጣልሁትም። በማመሳከሪያው ውሃ 35 እስኪያሳይ ብሎኑን አዞርሁት፤ ዛሬ በዲስቲልድ ውሃ ሲሞከር ከዜሮው መሥመር በታች ይወርዳል፤ እኔም እንዲሁ ትቼዋለሁ።