ስለ አሮጌ ኮምፒዩተር ጥገናና ስለ መለዋወጫው ፍለጋ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኤሌክትሮኒክስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



 የመረጥነው ርእስ ለጆሮ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸውም አሮጌ የቤት ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚጠገንና መለዋወጫው ከወዴት እንደሚገኝ ነው። «በየኪሳችን ስልክ ሳለ አሮጌውን ማሽን ማገላበጥ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጠያቂ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሱን ነገሩን ካስረዳን በኋላ እናቀርባለን።

ማሽኑ ሲንክለር ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ይባላል። በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ የወጣው በ1974 ዓ.ም. ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ነው። 48 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው ዓይነት በዚያን ጊዜ 175 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። የራሱ ስክሪን የለውም፤ ከቴሌቪዥን የአንቴና መግቢያ ጋራ ይገናኛል። ፕሮግራሙንም ከተራ የካሴት ክር ይቀበላል። የእኛን ማሽን አንድ ወላጅ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሲማሩ ገዝተው ያመጡት ሲሆን፣ ብዙ ዓመታት በሣጥን ከተቀመጠ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ለክበባችን በስጦታ ሰጡት። ከቴሌቪዥን ጋራ ስናገናኘው ግን ባለ ቀለም መስመር ብቻ አሳየን እንጂ ጽሑፍ አልወጣውም።

እንደምታውቁት ሰፈራችን አራዳ የእጅ ጥበብ ሰፈር ናት። በፒያሳ ወርቅ ሠሪው፣ ሰዓት ሠሪውና ሬዲዮ ጠጋኙ ጎን ለጎን ኖረዋል። ስለዚህ ማሽናችንን ይዘን ወደ አንድ አዛውንት ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድን። «ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ይጠግናሉ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ኮምፒዩተር አላውቅም፤ ኤሌክትሪክ ግን አውቃለሁ። አምጡት እስቲ፤» አሉን።

የመጀመሪያው ትምህርታቸው፣ ማንኛውም ነገር ከመነቀሉ በፊት ይለካ የሚል ነበር። የስፔክትረም አዳፕተር 9 ቮልት ይሰጣል፤ ነገር ግን ዛሬ በየሱቁ ከሚሸጡት ብዙዎቹ አዳፕተሮች በተቃራኒ የመሰኪያው መካከል ነጌቲቭ ነው። ይህን ሳያይ ሌላ አዳፕተር የሚሰካ ሰው ማሽኑን ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያም በቦርዱ ላይ ያለው ክፍል ከዚህ ከ9 ቮልት ሦስት ዓይነት ኃይል ያወጣል፤ ፖዚቲቭ 5፣ ፖዚቲቭ 12ና ነጌቲቭ 5 ቮልት። ሦስቱንም የሚፈልጉት 4116 የተባሉት ስምንት የሜሞሪ ቺፖች ናቸው። ነጌቲቩ 5 ቮልት ቀርቶ 12ቱ ብቻ ከደረሰ እነዚህ ቺፖች ይቃጠላሉ። ጋሼ ቴስተራቸውን በአንደኛው እግር ላይ ቢያሳርፉ ነጌቲቩ 5 ቮልት ጠፍቶ ተገኘ። ኃይሉን የሚያመነጨው ትራንዚስተር ሞቶ ነበር፤ ከመሳቢያቸው ተመሳሳዩን አውጥተው ተኩልን።

ሁለተኛው ትምህርት የታመመውን ቺፕ መለየት ነው። ማሽኑ ጥቂት ከቆየ በኋላ በጣት ሲነካ እንደ እሳት የሚፋጅ ቺፕ ይጠረጠራል። አንዳንድ ጊዜም ጤነኛ ቺፕ በታመመው ላይ እግር ለእግር ደርበው ቢያበሩት ማሽኑ ይነቃል፤ በዚህም በሽታው ይታወቃል። የሞተውን ቺፕ በጉልበት መንቀል ግን ክልክል ነው፤ በቦርዱ ላይ ያለውን ቀጭን የመዳብ መስመር ይዞ ይነሣል። መጀመሪያ 16ቱ እግሮች ከአካሉ ይቈረጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ በመበየጃ ብረት እየሞቁ ይወጣሉ፤ በቦታውም ሶኬት ይበየዳል። ሁለተኛ ጊዜ ቢበላሽ ያለ ብየዳ ለመለወጥ ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው እንምጣ። የሞተው አንድ 4116 በከተማችን ፈልገን ስላላገኘን ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ አስመጣነው። አሮጌ ቺፕ የሚገዛ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል፤ በዓለም ገበያ የቀድሞው ጽሕፈት ተፍቆ ሌላ ቍጥር የተጻፈባቸው ይሸጣሉና። በአሴቶን የራሰ ጥጥ ሲነካው ጥቁር ቀለም የሚለቅ ቺፕ ያጠራጥራል።

ይህ ከተተካ በኋላ በቴሌቪዥኑ ላይ «1982 ሲንክለር ሪሰርች» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። ሆኖም የሜሞሪውን ዳርቻ ብንጠይቀው 32767 ብሎ መለሰ፤ ይህም 16 ኪሎባይት ብቻ ይሠራል ማለት ነው። የቀሩትን 32 ኪሎባይት የሚይዙት 4532 የተባሉ ስምንት ቺፖች ናቸው። የእነዚህ ታሪክ አስገረመን። 4532 ማለት ሲፈተሽ ግማሹ ብልሹ፣ ግማሹ ጤነኛ ሆኖ የተገኘ 4164 ነው። ሌላው የጣለውን ሲንክለር በርካሽ ገዝቶ በጤነኛው ወገን ተጠቀመበት። ስለዚህ በእነርሱ ቦታ ሙሉ ጤነኛ 4164 ቢገባ ይሠራል። 4164 ደግሞ በድሮ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ቦርድ ላይ አለ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደን በብረታ ብረት ክምር መካከል አንድ የአይ ቢ ኤም ኤክስ ቲ ቦርድ አገኘን፤ ብዙዎቹ ቺፖች በሶኬት የተሰኩ ስለ ነበሩ በቀላሉ ተነሡ። ከሁለቱ የታመሙት በቦታቸው ተተክተው ማሽኑን እንደ ገና ብንጠይቀው 65535 ብሎ መለሰ። ሙሉ 48 ኪሎባይት ማለት ነው።

ሁሉም ቺፕ ግን እንዲህ አይገኝም። ዩ ኤል ኤ የተባለው ለዚህ ማሽን ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ቢሞት ከሌላ ዓይነት አሮጌ ቦርድ ላይ አይገኝም። ዋናው ቺፕ ዜድ 80 ግን ብዙ ዘመን ሲመረት ኖረ። እርሱን ያወጣው ዚሎግ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ከፈጣሪዎቹ ዋነኛው በጣሊያን አገር የተወለደው ፌዴሪኮ ፋጂን ነው። በ1968 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ 2016 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ ኩባንያው በዚሁ ዓመት በሚያዝያ ወር ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ትእዛዝ የሚቀበለውም እስከ ሰኔ ብቻ ሆነ።

ያ ዓመት ለእኛም የመለያየት ዓመት ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያና ሌሎችም የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ የጋሼም ሱቅ ከእነርሱ ጋራ ሄደ። እርሳቸው ዛሬ ከከተማው ዳር ይኖራሉ። በአንድ ዓመት ቺፑም ሱቁም ቀረ። ነገር ግን ልዩነት አለ። የተሠሩት ዜድ 80ዎች ገና በየመጋዘኑና በየአሮጌው ማሽን ውስጥ ስላሉ የሚያውቃቸው ሰው ያገኛቸዋል። ከጋሼ እጅ ያለው ዕውቀት ግን በመጋዘን አይቀመጥም። በሰው ካልተማሩት ከባለቤቱ ጋራ ያልፋል።

እንግዲህ ለጠያቂው መልሳችን ይህ ነው። የስልክን ውስጥ ከፍተን ብናይ አንዱን ክፍል ከሌላው ለይተን ለመማር ያስቸግረናል፤ ስፔክትረም ግን እያንዳንዱ ቺፕ በዓይን ይታያል፤ በቴስተር ይለካል፤ ሲታመምም ምክንያቱ ይገኛል። በዚህ ማሽን የተማርነው መፈራትና መጣል የለመድነውን ነገር መርምረን ማዳን ነው።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለን። ወላጆቻችን ሆይ፣ አሮጌ ቦርድ ወይም ሬዲዮ ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት ለክበባችን አሳዩን፤ ለእናንተ ቍርጥራጭ የመሰለው ለእኛ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከአራዳ ተነሥተው በየሰፈሩ የተበተኑትን ጠጋኞች እየፈለግን፣ የሚያውቁትን እየጠየቅን፣ በደብተር እንጻፍ። ክበባችን የጋሼን ትምህርት መጻፍ ጀምሯል፤ ደብተሩም በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ሌላው ገጹ የእናንተን እጅ ይጠብቃል።